የኔ ማሽን «ልክ ነው» ይላል፣ የሱ 41 ስህተት ይቆጥራል፦ በየፋይሉ የተከፋፈለ ኤክስኤምኤል እንዴት ነው የምትፈትሹት?

ዜጌ_ቡና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን አዙሮኛል፤ እዚህ ላራግፈው።

ሥራው እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ሆነን በጣና ደሴቶችና በዜጌ ያሉ ገዳማት የብራና መጻሕፍትን መግለጫ እያዘጋጀን ነው። የመጽሐፉ መጠን፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የጸሐፊው ስም ካለ ስሙ፣ ሥዕል ካለው ሥዕሉ። ሁሉም በኤክስኤምኤል (ጽሑፍን በምልክት ከፋፍሎ በሚጽፍ የፋይል ዓይነት)፣ በቲኢአይ ደንብ (ጽሑፎችን በኤክስኤምኤል ለመመዝገብ በወጣው) ይጻፋል። አንድ መጽሐፍ አንድ ፋይል ነው። የአንድ ገዳም መጻሕፍት በአንድ የገዳም ፋይል ይሰበሰባሉ፤ ክብራን ለብቻው፣ ዑራ ለብቻው፣ ናርጋ፣ ዳጋ። ከላይ ደግሞ ሁሉን የሚጠራ ዋና ፋይል አለ። ለጊዜው ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው።

ዋናው ፋይል የገዳማቱን ፋይሎች የሚጠራው በኢንቲቲ ነው፤ ፋይሉ ራስ ላይ ስም ይሰጠውና በዚያ ስም ይጠራል። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው የሠራው። የኢንቲቲዎቹን ስም በፊደላችን ጽፎታል፤ ክብራን፣ ዑራ፣ ናርጋ እያለ። ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። የገዳማቱ ፋይሎች ግን መጻሕፍቱን የሚጠሩት በኤክስኢንክሉድ ነው፤ «ያን ፋይል እዚህ አስገባ» በሚል ኤለመንት። ስኬማው (የቱ ምልክት የት እንደሚፈቀድ የሚወስነው ፋይል) የተጻፈው በሪላክስ ኤንጂ ቋንቋ ነው፤ ቲኢአይን ለራሳችን አሳጥረን ያወጣነው።

አሁን ጉዱን ስሙ። እኔ ሊኑክስ ላይ ነኝ። ልጁ ትቶልኝ በሄደው ስክሪፕት በኤክስኤምኤል ሊንት፣ ከተርሚናል በሚሠራ መፈተሻ፣ እፈትሻለሁ። «ልክ ነው» ብሎ ያርፋል። ባልደረባዬ የጃቫ ኤዲተር ነው የሚጠቀመው። ዋናውን ፋይል ሲከፍት አራተኛው መስመር ላይ ቀጥ ይልበታል። የክብራንን ፋይል ለብቻው ሲከፍት ደግሞ 41 ስህተት ይዘረዝርለታል። ሰርቨሩ ላይ ያለው የፓይተን ስክሪፕት እስከ ባለፈው ወር በደህና ይሠራ ነበር፤ ማሽኑ ታድሶ ከተመለሰ ወዲህ ዋናውን ፋይል አልከፍትም ብሏል።

ማንን ልመን? ዓርብ ማስረከብ አለብን።

ቀረሶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡52

ሦስት ሐኪም ጋ ሄደሽ ሦስት በሽታ ተነገረሽ። አይዞሽ እህቴ፣ ሰረዝ_በሰረዝ ይመጣል።

ሰረዝ_በሰረዝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

መጣሁ። ሁለት ነገር ላኪ። ስክሪፕቱ ውስጥ ያለውን ትዕዛዝ እንዳለ፣ እና የጃቫው ኤዲተር የሚጽፈውን የስህተት ቃል። «ስህተት አለ» ብቻ አይበቃኝም።

ዜጌ_ቡና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ትዕዛዙን እንደሚነበበው ልጻፈው። ኤክስኤምኤል ሊንት፣ ሰረዝ ሰረዝ ኖኤንት፣ ሰረዝ ሰረዝ ኤክስኢንክሉድ፣ ሰረዝ ሰረዝ ኖፊክስአፕ ቤዝ ዩአርአይስ፣ ሰረዝ ሰረዝ ሪላክስኤንጂ፣ ከዚያ የስኬማው ስም። ሦስተኛዋ ምን እንደምትሠራ አላውቅም፤ ስቀበለው ነበረች።

የጃቫው ስህተት፦ ክብራን ላይ 41 ጊዜ ያንኑ ነው የሚደጋግመው። «ኤክስኤምኤል ቤዝ የሚባል አትሪቢዩት እዚህ አይፈቀድም» ይላል (አትሪቢዩት በምልክቱ ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ ነው)። እኛ ደግሞ ኤክስኤምኤል ቤዝ የሚባል ነገር የትም አልጻፍንም! ዋናው ፋይል ላይ ደግሞ «በኢንቲቲው መግለጫ ላይ የኢንቲቲው ስም ያስፈልጋል» ይላል። ስሙ እኮ እዚያው ፊቱ ተቀምጧል።

ሰረዝ_በሰረዝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡31

ክብራን ውስጥ ስንት መጽሐፍ ነው የጠራችሁት?

ዜጌ_ቡና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡33

እስካሁን የጨረስነው 41። ኧረ!

ሰረዝ_በሰረዝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡34

በቃ። በያንዳንዱ ጥሪ አንድ ስህተት። ያቺ የማታውቂያት ሦስተኛ ሰረዝ ናት ያንቺን ማሽን ዝም ያሰኘችው። ዝርዝሩን መምህር ይጻፉልን፤ እኔ ጣቴ ሰነፍ ነው።

መምህር_ዘፔዳ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

እንደምን አደራችሁ። ልጄ፣ ማንም አልዋሸሽም። ሦስቱ ማሽኖች የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ኤክስኢንክሉድ አንዱን ፋይል በሌላው ውስጥ ሲያስገባ ዝም ብሎ አይለጥፍም። በገባው ኤለመንት (በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት የታቀፈ ክፍል) ራስ ላይ «ይህ የመጣው ከዚህ ፋይል ነው» የሚል ምልክት ይተዋል። ያ ምልክት ነው ኤክስኤምኤል ቤዝ። የፕሮግራመር አመል እንዳይመስላችሁ፤ የድር ደንቦችን የሚያወጣው ደብሊው ሥሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ደንብ ራሱ ያዛል። ስለዚህ እናንተ ባትጽፉትም፣ ፋይሎቹ ከተዋሃዱ በኋላ በሚፈተሸው ሰነድ ውስጥ አለ።

ቲኢአይ ይህን አትሪቢዩት ለሁሉም ኤለመንት ይፈቅዳል። እናንተ ስኬማውን ስታሳጥሩ ቆርጣችሁ የጣላችሁት ይመስለኛል። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። ኤዲተሩ የሚዘረዝረው አትሪቢዩት ሲበዛ ጸሐፊዎች ይደናገጣሉ፤ ስለዚህ የማናውቀውን ሁሉ እናወጣለን።

ከአንቺ በፊት የነበረው ልጅ ስህተቱን አይቷል። ስኬማውን በማረም ፋንታ ምልክቱ እንዳይጻፍ አደረገ። የሰረዟ ሥራ ይኸው ነው። ባልደረባሽ ኤዲተር ላይ ግን ያቺ ሰረዝ የለችም።

ዜጌ_ቡና | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡45

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ልክ ነዎት። የስኬማውን ምንጭ ከፍቼ አየሁት፤ «የማንጠቀምባቸው» ተብለው ከወጡት አትሪቢዩቶች መካከል አለች። ያወጣኋት ደግሞ እኔው ነኝ።

ዓባይማዶ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ቀላሉ መንገድ የጃቫው ኤዲተር ላይም ማጥፋት ነው እኮ። ጃቫ ውስጥ ያለው ዜርሰስ የሚባለው ፓርሰር (ኤክስኤምኤል አንባቢ) ይህን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ሁለቱም ጋ ካጠፋችሁት ሁለቱም «ልክ ነው» ይላሉ። ዓርብ ደግሞ ቅርብ ነው።

መምህር_ዘፔዳ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ይቻላል። ግን አልመክርም። የሥዕሎቹን ፎቶ የምትጠሩት እንዴት ነው? ከፋይሉ አንጻር በሚነበብ አጭር መንገድ ከሆነ፣ ያ ምልክት ከሌለ ማሽኑ መንገዱን የሚቆጥረው ከዋናው ፋይል ነው። ዛሬ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ አይታወቃችሁም። ፎልደር የከፈላችሁ ቀን ግን ፎቶዎቹ ይጠፋሉ። ወይም ይለዋወጣሉ፤ እሱ ይብሳል።

ዓባይማዶ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡02

ኧረ መምህር፣ የኔን ጉድ አወጡት።

አምና ሌላ ቦታ እንዲሁ ያለ ሥራ ስሠራ የደረሰብኝ ነው። የየገዳሙን ፋይል በየፎልደሩ ከፋፈልኩ። የፎቶዎቹ ስም በሁሉም ፎልደር 001፣ 002 እያለ ይሄዳል። ምልክቱ ጠፍቷል። ሁሉም ፋይል «ሥዕል፣ 001» ሲል ማሽኑ የሚያመጣው ዋናው ፋይል አጠገብ ያለውን 001 ነው። ፍተሻው ግን ያለ ምንም ስህተት ያልፋል! የናርጋ ሥላሴ ገጽ ላይ የሌላ ገዳም ብራና ፎቶ ወጣ። የነቃነው አንድ አባት ላፕቶፑን ዝቅ ብለው አይተው «ልጄ፣ ይህ የኛ አይደለም» ያሉን ጊዜ ነው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ሐሳቤን አንስቻለሁ። አትሪቢዩቷን ወደ ስኬማው መልሷት።

ኢማክሱ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡30

የኔስ? እኔ ኢማክስ ላይ ነው የምጽፈው። የኔ ኤዲተር ኤክስኢንክሉድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ፋይሉን እንዳለ ነው የሚፈትሸው። ስለዚህ ጥሪዎቹን ራሳቸውን እንደ ስህተት ያሰምርብኛል። ገጹ ቀይ በቀይ ነው።

ሰረዝ_በሰረዝ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡41

ደንቡ «ከመዋሃዱ በፊት ፈትሽ» ወይም «ከተዋሃደ በኋላ ፈትሽ» አይልም። ለተጠቃሚው ነው የተወው። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ እንደፈለገው ነው የሚሄደው። ያንተ በፊት ይፈትሻል። ኤክስኤምኤል ሊንት በሪላክስ ኤንጂ ሲፈትሽ በኋላ ነው። ዜርሰስ ደግሞ ድብልቅ ነው፤ ዲቲዲውን (የድሮውን የስኬማ ዓይነት) ከመዋሃዱ በፊት፣ ኤክስኤምኤል ስኬማውን ከተዋሃደ በኋላ። ጂንግን (የሪላክስ ኤንጂ መፈተሻውን) ከተርሚናል ብቻውን ከጠራኸው ጭራሽ አያዋህድም።

ላንተ መፍትሔው ሁለት ስኬማ ነው። አንዱ ለመጻፊያ፣ የጥሪ ኤለመንቱን የሚፈቅድ። አንዱ ለማስረከቢያ፣ የማይፈቅድ። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይውጡ እንጂ በእጅ አትቀጣጥል።

ዜጌ_ቡና | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

እሺ 41ዱ ገባኝ። አራተኛው መስመርስ? «ስም ያስፈልጋል» የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ስሙ «ክብራን» ተብሎ ተጽፏል። ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8 ነው። ባልደረባዬ ፎንቱ ነው ብሎ ሦስት ፎንት ጫነ።

ሰረዝ_በሰረዝ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡28

ፎንት አይደለም። ያንኑ ትዕዛዝሽን ሰረዝ ሰረዝ ኦልድ ኤክስኤምኤል 10 የምትል ጨምረሽ አስሮጪው። ከዚያ ተመለሺ።

ዜጌ_ቡና | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡36

ወይ ጉድ! የኔም ማሽን እዚያው አራተኛው መስመር ላይ ሞተ። ምን አደረግኩ?

መምህር_ዘፔዳ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡15

ይህችን እኔ ልውሰዳት፤ የምወዳት ታሪክ ናት።

ኤክስኤምኤል 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የኤለመንት፣ የአትሪቢዩት፣ የኢንቲቲ ስም በየትኞቹ ፊደላት እንደሚጻፍ በዝርዝር ወስኗል። ዝርዝሩ የተወሰደው ከዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር ከሚሰጠው መዝገብ) 2.0 ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ3.0፣ በ1999 ነው። አንድ ዓመት ዘግይተን ደረስን፤ በሩ ተዘግቷል።

በጽሑፉ ውስጥ ግዕዝም አማርኛም መጻፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይቻል ነበር። የተከለከለው ስም ላይ ብቻ ነው። ሞንጎልኛም፣ የካምቦዲያ ክመርም ከኛ ጋር ደጅ ቀርተዋል።

ይህን ለማስተካከል በ2004 ኤክስኤምኤል 1.1 ወጣ። የተጠቀመበት ሰው ጥቂት ነው። ኋላ በ2008 የ1.0 አምስተኛ እትም ሲወጣ በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ችግሩ ሁሉም ፓርሰር ወደ አምስተኛው እትም አልተሻገረም። ኤክስኤምኤል ሊንት የተሠራበት ሊብኤክስኤምኤል 2 ተሻግሯል። ዜርሰስ አልተሻገረም። ኤክስፓት የሚባለው ፓርሰርም ራሱን የሚያስተዋውቀው «አራተኛ እትም» ብሎ ነው፤ ፓይተን ውስጥ አብሮ የሚመጣው ፓርሰር ደግሞ እሱ ነው። ሰረዝ_በሰረዝ ያስጨመረሽ ትዕዛዝ ማሽንሽን ወደ አሮጌው ደንብ መለሰው፤ ስለዚህ እንደ ጃቫው ሆነ።

የጃቫው ፓርሰር «ስም ያስፈልጋል» ሲልሽ «ክ» የምትለዋን ፊደል እንደ ስም መነሻ አላየትም ማለቱ ነው።

ዲያቆን_ዘዳጋ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00

መምህር፣ ያሳዝናል። ከ500 ዓመት በላይ ብራና የተጻፈበት ፊደል ለአንዲት ኢንቲቲ ስም አይሆንም ተባለ?

ቀረሶ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡06

ታዲያ ፋይሉ ራስ ላይ ያለውን 1.0 ወደ 1.1 ቀይሮ መገላገል ነው። አንዲት ቁጥር!

ሰረዝ_በሰረዝ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡11

ዜርሰስ 1.1ን ያውቃል፤ የጃቫው ይለቅሻል። ሊብኤክስኤምኤል 2 ግን 1.1ን አይደግፍም፤ ማስጠንቀቂያ ይጥልልሻል። ትናንት እሱ ነበር የሚያለቅሰው፣ ዛሬ አንቺ ታለቅሻለሽ። ጸቡን ከቤት ወደ ቤት ማዞር ነው።

መምህር_ዘፔዳ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡30

ዲያቆን፣ ቁጭቱ የኔም ነው። ግን ሥራው ሰው ዘንድ መድረስ አለበት። ለማሽን የሚሆነውን ስም፣ ማለትም ኢንቲቲን፣ ኤለመንትን፣ ኤክስኤምኤል አይዲን (የአንድ ኤለመንት መለያ) በላቲን ጻፉ። ለሰው የሚሆነውን፣ ርእሱን፣ የገዳሙን ስም፣ የጸሐፊውን ማስታወሻ፣ በፊደላችን እንደ ልባችሁ። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን በቲኢአይ የሚመዘግበው «ቤተ መጻሕፍት» የሚባል ፕሮጀክት አለ፤ ፋይሎቹን ለሁሉም ክፍት አድርጓል። መለያዎቹ በላቲን፣ ጽሑፉ በግዕዝ ሆኖ ታያላችሁ።

ደግሞም ኢንቲቲውን ጨርሳችሁ ተዉት ነው የምላችሁ። በኢንቲቲ የሚጠራ ፋይል የራሱ ዶክታይፕ (የሰነዱን ዓይነት የሚናገር የራስጌ መስመር) ሊኖረው አይችልም። ዋናውንም በኤክስኢንክሉድ አድርጉት። አንድ ሰነድ በሁለት ዓይነት ሲጠራ ማየት እኔን ራሱ ያደክመኛል።

ዓባይማዶ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

የሰርቨሩም በሽታ ይኸው ኢንቲቲ ነው። ፓይተኑ ኤልኤክስኤምኤል የሚባለውን ላይብረሪ የሚጠቀም ከሆነ፣ ከ5.0 ወዲህ ከውጭ ፋይል የሚጠራ ኢንቲቲን ካላዘዙት አይከፍትም። ለደኅንነት ነው፤ በኢንቲቲ ተመካኝቶ የሰርቨሩን የግል ፋይል ማስነበብ የታወቀ ጥቃት ነው። ማሽኑን ሲያድሱት ላይብረሪውም አብሮ ታድሷል። ወደ ኤክስኢንክሉድ ከቀየርሽው ይህ ይጠፋል። ግን ልብ በይ፤ ኤልኤክስኤምኤል በራሱ አያዋህድም። አዋህድ የሚለውን ትዕዛዝ ኮዱ ውስጥ መጥራት አለብሽ። ካልጠራሽው ደግሞ ባዶ ጥሪዎችን ነው የሚፈትሸው።

መምህር_ዘፔዳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

አንድ ያልጠየቅነው ጥያቄ አለ። የፋይሎቹ ራስ ላይ ስኬማው ወዴት ነው የሚያመለክተው?

ዜጌ_ቡና | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ወደ ኢንተርኔት። «የቅርብ ጊዜው ቲኢአይ» ወደሚለው አድራሻ። ያሳጠርነውን ስኬማ እኔ በስክሪፕቱ እሰጠዋለሁ፤ ባልደረባዬም ኤዲተሩ ላይ በእጁ ይመርጠዋል።

መምህር_ዘፔዳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡25

እንግዲያው ረስቶ ያልመረጠ ቀን ኤዲተሩ የሚያነበው ሌላ ስኬማ ነው። ኤክስኤምኤል ሊንት ያን የራስጌ መስመር ከነመኖሩም አያየውም፤ በትዕዛዝ የሰጠሽውን ብቻ ነው የሚያየው። ቲኢአይ ደግሞ በዓመት ውስጥ ይታደሳል፤ «የቅርብ ጊዜው» የሚለው አድራሻ ዛሬና ከስድስት ወር በኋላ አንድ ነገር አይደለም።

ስኬማውን አውርዳችሁ ከፋይሎቹ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት፤ የቁጥር ስሙን ይዞ። ከዚያ ካታሎግ ጻፉ። ካታሎግ ማለት «ይህን አድራሻ የጠራ ሰው ካለ ከዚህ ፎልደር ስጡት» የሚል ትንሽ ፋይል ነው። የጃቫውም የሊኑክሱም መሣሪያዎች ያነቡታል። ኤክስኤምኤል ሊንት ላይ ደግሞ ሰረዝ ሰረዝ ኖኔት ጨምሩ፤ ወደ ኔት እንዳይወጣ።

እኛ አገር ኔቱ መጣ ሄደ ነው፤ ይህን ለናንተ አልነግርም። ግን የኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ደብሊው ሥሪ ሲ ራሱ አቤቱታ አውጥቶ ነበር፤ ዲቲዲዎቹን በየጊዜው ከሰርቨሩ የሚያወርዱ ፕሮግራሞች በቀን እስከ 130 ሚሊዮን ጥያቄ ይልኩበት ነበር። ካታሎግ ቢጠቀሙ አንድ ጊዜ አውርደው ያበቁ ነበር።

ኢማክሱ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

130 ሚሊዮን! እኔ የዩኒቨርሲቲውን ዋይፋይ ብቻዬን የገደልኩ መስሎኝ ስሳቀቅ ነበር።

ዲያቆን_ዘዳጋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡15

እኔ ኮዱ ላይ ደካማ ነኝ፤ ቆጠራ ግን እወዳለሁ። እህቴ ዜጌ፣ ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን የመጽሐፍ ፋይሎች ቁጠሪ። ከተዋሃደ በኋላም ቁጠሪ። እኩል ናቸው?

ዜጌ_ቡና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

ዲያቆን፣ ምን አውቀህ ነው የጠየቅከኝ?

ክብራን 41 በ41። ናርጋ እኩል። ዳጋ እኩል። ዑራ ላይ ፎልደሩ ውስጥ 18 ፋይል አለ። የተዋሃደው ውስጥ 17። አንድ መጽሐፍ የለም። ፍተሻው ግን «ልክ ነው» ይላል።

ሁለት ሰዓት ፈለግኩት። የፋይሎቹ ስም እንደ ኢንቲቲዎቹ በፊደላችን ነው። ጥሪው ላይ «ኡራ 12» ተብሎ ተጽፏል፤ በአልፋው። ፋይሉ የተቀመጠው «ዑራ 12» ተብሎ ነው፤ በዐይኑ። ዓይኔ አሥር ጊዜ አልፎበታል፤ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው የማነበው።

ዲያቆን_ዘዳጋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

ኪዳነ ምሕረትን በሐመሩ ሐ የሚጽፍ አለ፣ በሀሌታው ሀ የሚጽፍ አለ። ሥላሴን በንጉሡ ሠ፣ ወይም በእሳቱ ሰ። መዝገብ ቤት ስንሠራ በወረቀትም ይገጥመን ነበር። ወረቀት ላይ ሰው ይተርፈዋል፤ ማሽን ግን ቃል በቃል ነው። ለዚህ ነው ቁጠሪ ያልኩሽ።

ሰረዝ_በሰረዝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡12

ቆይ። ፋይሉ ከጠፋ ኤክስኢንክሉድ መሞት ነበረበት። ዝም ብሎ አያልፍም። ጥሪው ውስጥ ፎልባክ አለ?

ዜጌ_ቡና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡18

አለ። ባዶ ፎልባክ። ሁሉም ጥሪ ውስጥ አለ። ስክሪፕቱን ደግሞ አሁን እስከ ታች አነበብኩት። ኤክስኤምኤል ሊንት የሚጥለውን መልእክት ሁሉ ወደ ባዶ ይልከዋል። «ልክ ነው» የሚለውን የሚጽፈው ስክሪፕቱ ራሱ ነው፤ የመውጫ ቁጥሩ (ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሚመልሰው) ዜሮ ከሆነ። ስድስት ወር ሙሉ «ልክ ነው» ሲለኝ የነበረው ያ ልጅ ነው ማለት ነው።

ሰረዝ_በሰረዝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡21

ባዶ ፎልባክ ማለት «ካጣኸው ተወው» ማለት ነው። መጽሐፍ የጎደለው የገዳም ፋይል በስኬማው ዓይን እንከን የለበትም፤ 17ም ይሁን 18 ስኬማው ምን ግዱ። ፎልባኮቹን አጥፊያቸው። ፋይል ከጠፋ ይጩኽ።

ቀረሶ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

አንድ መጽሐፍ ከታንኳ ላይ ወደቀ ብለሽ ብታስረክቢ ማን ያምንሽ ነበር?

ዜጌ_ቡና | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡10

ጨረስኩ። ቡና ሦስተኛው ላይ ነኝ፣ ግን ጨረስኩ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ቢመጣ እንዲያገኘው።

ኢንቲቲዎቹን በሙሉ አውጥቼ በኤክስኢንክሉድ ተካሁ። የፋይልና የመለያ ስሞችን ሁሉ ወደ ላቲን ቀየርኩ። ይህ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ዲያቆን፣ የገዳማቱ ስም በርእሱ ላይ በፊደላችን እንዳለ ነው፤ በሐመሩ ሐ። ፎልባኮቹ ጠፉ። ኤክስኤምኤል ቤዝ ወደ ስኬማው ተመለሰች። ያቺ ሦስተኛ ሰረዝ ወጣች። ስኬማው ከነካታሎጉ ፎልደሩ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ዋናው ለውጥ ይኼ ነው፦ ማዋሃድን ለአንድ መሣሪያ ብቻ ሰጠሁት። ኤክስኤምኤል ሊንት አዋህዶ አንድ ረጅም ፋይል ያወጣል፤ ምንም ጥሪ የሌለው። ያንን ረጅም ፋይል ኤክስኤምኤል ሊንትም ጂንግም በዚያው ስኬማ ይፈትሹታል። ሁለቱም ካላለፉት አይወጣም። በጎን ደግሞ እያንዳንዱ የመጽሐፍ ፋይል ለብቻው ይፈተሻል። መጨረሻ ላይ ቆጠራ፤ የዲያቆን ቆጠራ። ባልደረባዬም፣ ሰርቨሩም ይህንኑ ስክሪፕት ነው የሚያስሮጡት። ኤዲተሩ ለመጻፊያ ብቻ ሆነ፤ የሱ ቀይ መስመር ከእንግዲህ ፍርድ አይደለም።

ጂንግ መጀመሪያ ላይ አላለፈም። «ይህ አይዲ ከዚህ በፊት ተሰጥቷል» አለኝ፤ ሦስት ቦታ። ክብራንና ናርጋ ውስጥ አንድ ዓይነት ኤክስኤምኤል አይዲ አለ። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ንጹሕ ነው፤ ሲዋሃዱ ነው የሚጋጩት። የድሮው ስክሪፕት ይህንንም ሳይናገር አሳልፎታል። ሁሉም መለያ ፊት የገዳሙን ስም ጨመርኩበት።

መምህር_ዘፔዳ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡35

ጎበዝ። አንድ ነገር ብቻ። ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው የምታመለክቱባቸው ማጣቀሻዎች አሉ አይደል? ቲኢአይ ውስጥ እነዚያ ተራ አድራሻ ናቸው፤ ሪላክስ ኤንጂ የሚጠቁሙት ነገር ይኑር አይኑር አያይም። ለነሱ ሼማትሮን (እናንተ በምትጽፉት ሕግ የሚፈትሽ ሌላ የስኬማ ዓይነት) ጻፉ። ከዓርብ በኋላ ይሁን፤ አሁን ተኚ።

ኢማክሱ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡50

የጃቫውና የሊኑክሱ የስህተት ቁጥር አሁን እኩል ሆነ?

ሰረዝ_በሰረዝ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡54

ዜሮ ላይ ብቻ ነው እኩል የሚሆኑት። ስህተት ሲኖር ኤክስኤምኤል ሊንት በሪላክስ ኤንጂ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሳተበት ላይ ያቆማል፤ ጂንግ ራሱን ሰብስቦ ይቀጥላል። አንድ ኤለመንት ብትስት አንዱ 1፣ አንዱ 9 ሊልህ ይችላል። ብዛቱን አታወዳድር፤ መስመሩን እይ።

ዜጌ_ቡና | ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡30

አስረከብን። እዚያው ፊታችን በነሱ ማሽን፣ በነሱ መሣሪያ ፈተሹት። ዊንዶውስ ላይ፣ ጃቫ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ዜሮ ስህተት። ከዚያ ሰውዬው «የመጽሐፎቹ ብዛት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ዲያቆን፣ አንተን አስታወስኩህ።

ኢማክሱ | ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡48

እንኳን ደስ ያለሽ! ስክሪፕቱን እዚህ ስቀይልን እንጂ።

ዜጌ_ቡና | ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡15

ከነካታሎጉና ከነስኬማው ልሰቅል ሞክሬ ግማሽ ላይ ተቋረጠ። ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ፔዳ በር ላይ ነኝ፤ ፍላሽ ይዘህ ና።